ለአንድ ድምፅና ለተቀባይ

አብሳሎም ፕላስተሩን በጥርሱ እየቆረጠ የኪቦርዱን ቁልፎች ይሸፍናል። ነጮቹንና ጥቁሮቹን አይደለም፤ ከእነሱ በላይ የተደረደሩትን ትንንሾቹን ነው፤ ሪትም የሚያስነሱትን፣ ከበሮ የሚጨምሩትን፣ በዘፈን መሀል ጭብጨባ የሚያመጡትን። አንዱን ረድፍ ጨርሶ በአውራ ጣቱ ዳመጠውና ወደ ሁለተኛው አለፈ። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ፊት ለፊት ካለው የብረት በር መሥሪያ የመፍጫ ጩኸት ይመጣል፤ የጅማው መንደራ ቆጪ ሰፈር ባጃጆች ተሳፋሪ እየጠሩ በበሩ ያልፋሉ።

ሊዮል ሳያንኳኳ ገባ። የባንዱ ዘፋኝ ነው፤ አብሳሎም ቤት ሲገባ አንኳኩቶ አያውቅም። ኪቦርዱን አየና ቆመ።

«ምነው፣ ቆሰለ እንዴ?»

«እጄ እንዳይሄድ ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ ለመደው።»

ሊዮል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሳቀ። «አቶ በተን! በተኖቹን ከሸፈንካቸው በኋላ ምን ብለን ልንጠራህ ነው?»

ይህን ስም ያወጣለት ራሱ ሊዮል ነው። አብሳሎም ሌላ ጊዜ አብሮ ይስቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ፕላስተሩን መዳመጡን ቀጠለ። ቀልዱ እውነት ስለሆነ ነው። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በአሰንዳቦ ይህን ሁሉ ዓመት ሰርግ ሲያደምቅ ግራ እጁ አንድ ቁልፍ ከመንካት ያለፈ ሥራ ኖሮት አያውቅም። ቤዙን ማሽኑ ይጫወታል፤ ከበሮውን ማሽኑ ይመታል፤ እሱ ያዛል። ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ አንዳንዴ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። እነዚህ ትንንሽ ቁልፎች ቢነሱበት ምን ይቀረዋል? ሙዚቀኛ ነው ወይስ ማሽን ከፋች? ለማንም ተናግሮት አያውቅም። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን በወይዘሮ ተናኘ ሳሎን፣ በሰው ፊት መልሱ ይታወቃል።

«እኔም እመጣለሁ» አለ ሊዮል።

«አትምጣ።»

«እንግዲያውስ አልቀርም።»

እዚህ ጣጣ ውስጥ ያስገባችው ሮሆቦት ናት። ሮሆቦት የቡና ቀማሽ ናት፤ ከየወረዳው የሚመጣውን ናሙና በማንኪያ እየማገች ጥራቱን ትለያለች። አሰንዳቦ ተወልዳ ያደገች፣ ለትምህርት ጣልያን አገር ከርማ የተመለሰች ዝምተኛ ሴት ናት። አንድ የሥራ ባልደረባዋ ሰርግ ላይ፣ ሰዉ ተበትኖ አብሳሎም ገመድ ሲጠቀልል፣ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ሪትሙን አጥፍተህ መጫወት ትችላለህ?» አለችው።

እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። «እችላለሁ» አለ፤ ሳያስበው።

ለመጀመሪያው ልምምድ ያለ የሌለ ዕቃውን በባጃጅ ጭኖ ፈረንጅ አራዳ ሄደ። ሮሆቦት ወለሉ ጣውላ በሆነ አሮጌ የጣልያን ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። አከራይዋ ወይዘሮ ተናኘ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። አብሳሎም ሁለት ሞንታርቦ፣ ሁለት ማይክና አንድ ጥቅል ገመድ አወረደ። ሮሆቦት ድምፅ ማጉያዎቹን አየች፤ ክፍሏን አየች።

«ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። ለክፍል የተጻፈ ነው።»

«ለየትኛው ክፍል?»

«ለእንደዚህ ዓይነት። ጥቂት ሰው ተቀምጦ ለሚሰማበት። ባሮክ ይባላል።»

«ባሮክ የማን ልጅ ነው?»

ሳቋን ዋጠችው። «ሰው አይደለም፤ ዘመን ነው።»

ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል አለችው። በዚያ ዘመን ጣልያኖች ለአንድ ድምፅ ብቻ፣ ለሳሎን የሚሆን ዜማ በብዛት ይጽፉ ነበር። ለትልልቅ አዳራሽ የተጻፈው ስም ወጥቶለት ዓለምን ይዞራል፤ የሳሎኑ ግን አብዛኛው በየቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ እንደተኛ ነው። እሷ በተማረችበት ከተማ ዘፈን የሚያስተምሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቻቸውን ቤታቸው ሰብስበው እነዚህን የተረሱ ዜማዎች አንድ በአንድ ይቀሰቅሷቸው ነበር። ሮሆቦት ይህችን ዜማ ያመጣቻት ከእሳቸው ነው። ማን እንደ ደረሳት አይታወቅም።

ወረቀቱን ዘረጋችለት። ላይኛው መስመር የእሷ ድምፅ ነው። ታችኛው መስመር ላይ ያሉት አራት ኖታዎች ብቻ ናቸው፤ ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ያልቃሉ፣ እንደገና ከላይ ይጀምራሉ፤ እስከ መጨረሻው እነዚያው አራት። በላያቸው ትንንሽ ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ ስድስት፣ ሰባት፣ አራት።

አብሳሎም ቁጥሮቹን ሲያይ ልቡ ተመለሰ። ቁጥር የሚያውቀው ነገር ነው። በሰርግ ወረቀቱ ላይም ከየዘፈኑ አጠገብ ቁጥር አለ፤ ያንን ቁጥር ኪቦርዱ ላይ ሲጫን ለዘፈኑ የሚስማማው ድምፅ ይመጣለታል። ስድስትን ተጫነ፤ ደወል የሚመስል ድምፅ ወጣ። ሮሆቦት ግንባሯን ቋጠረች። ሰባትን ተጫነ። ሽቦ በጥፍር የተነካ የሚመስል ቀጭን፣ ደረቅ፣ ወዲያው የሚጠፋ ድምፅ ወጣ።

«እሱ!» ብላ ከወንበሯ ተነሳች። «እሱ ነው! እንዴት አወቅክ?»

«ጽፈውታል እኮ። ሰባት ይላል።»

ሮሆቦት ወረቀቱን አየች፤ እሱን አየች፤ ከዚያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ያቺ ዜማ ስትጻፍ ፒያኖ ገና እንዳልነበረ፣ ክሮቹን ከወፍ ላባ በተቀረጸ ጥፍር እየነካ የሚያሰማ መሣሪያ እንደነበረ፣ ኪቦርዱ ውስጥ በሰባት ቁጥር የተቀመጠውም የዚያ መሣሪያ ድምፅ እንደሆነ ነገረችው። ተሳስቶ ትክክለኛው ቦታ ደርሷል። የወረቀቱ ቁጥሮች ግን ሌላ ናቸው።

«ከታችኛው ኖታ ጀምረህ ወደ ላይ ቁጠር። ስድስት ካለ ስድስተኛውን አብረህ ንካ።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው ያንተ ነው። አልጻፉትም።»

«ረስተውት?»

«አምነውህ» አለችው።

አብሳሎም ይህን ቃል ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ዜማውን የጻፈው ሰው፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ መንደራ ቆጪ የሚባል ሰፈር መኖሩን ሳያውቅ አራት ኖታ አስቀምጦ የቀረውን ለእሱ ትቶለታል። እንዲህ ያመነው ሰው ኖሮት እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረ።

በሁለተኛው ልምምድ መዝፈን ጀመረች። የመጀመሪያው ስንኝ «ፒያኖ፣ ቬንቶ፣ ፒያኖ» ይላል። አብሳሎም እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ።

«አቤት?»

«ምን ሆንክ?»

«ጠራሽኝ እኮ። ፒያኖ አልሽ፤ ተጫዋቹን መስሎኝ።»

በጣልያንኛ ፒያኖ ማለት ቀስ ማለት እንደሆነ ያን ቀን አወቀ። ቬንቶ ነፋስ ነው። አንዲት ሴት ወደብ ላይ ቆማ የምትወደውን ሰው የያዘው መርከብ ሲርቅ ታያለች። ነፋሱን መልሰው አትለውም፤ እንደማይመልሰው ታውቃለች። የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀስ፣ ነፋስ፣ ቀስ፤ አታንገላታው።

እንደገና ጀመረች፤ አብሳሎምም ሰማ። የሰርግ ዘፋኝ ድምፅ ያውቃል፤ ጥሩ የሚባለው ደጅ ያለውን እንግዳ ከወንበሩ የሚያስነሳ ነው። የሮሆቦት ድምፅ ትንሽ ነው። አሰንዳቦ ሳለች መዘምራኑ መጀመሪያ ከኋላ አቆሟት፤ በኋላም «ድምፅሽ ማይኩ ጋ አይደርስም» ብለው አሰናበቷት። ይህን ስትነግረው ቅሬታ አልነበራትም፤ የጫማ ቁጥሯን እንደምትናገር ተናገረችው። በዚህች ክፍል ግን ያ ትንሽ ድምፅ አራቱንም ማዕዘን ይነካል። «ነፋስ» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ አንዲት ኖታ ከምንም ታስነሳለች፤ ቀስ እያለች ታሰፋታለች፤ ስትሰፋም ጩኸት አትሆንም፤ ከዚያ መልሳ እያሳሳች እያሳሳች፣ መቼ እንዳለቀች ሳይታወቅ ትተዋታለች። አብሳሎም የክንዱ ፀጉር ቆሞ አየ። ሞንታርቦ ሰውን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ይሄ ድምፅ ግን ሰው ወንበሩን እንዲያስጠጋ ያደርጋል።

«ይህን ያህል ቀስ ብሎ መዝፈን ማን አስተማረሽ?»

«ሥራዬ መሰለኝ» አለችው። «ቡና ትኩስ ሳለ ሁሉም አንድ ነው። ምን እንደሆነ የሚናገረው ሲበርድ ነው። አንተ መጠበቅ ብቻ ነው ያለብህ።»

አብሳሎም መጠበቅ አይችልም። ችግሩ እሱ ነው። በዜማው ውስጥ እሷ ዝም የምትልባቸው ቦታዎች አሉ፤ በእነዚያ ቦታዎች አራቱ ኖታዎች ብቻቸውን ይወርዳሉ። ለሮሆቦት እረፍት ነው፤ ለአብሳሎም ገደል ነው። በሰርግ ላይ ዝምታ ማለት ብልሽት ነው፤ ዘፋኙ ሲተነፍስ ቁልፍ ተጭኖ ከበሮ ማንከባለል አለበት። አንድ ቀን የሴትየዋ መርከብ ከዓይን ሊጠፋ ሲል እጁ ሳያስበው ወደ ላይ ሄዶ ያንን የሙሽራ መግቢያ ከበሮ ከጭብጨባው ጋር ለቀቀው። ከግድግዳው ወዲያ ወይዘሮ ተናኘ «እልል!» አሉ።

በዚያው ቀን በሩን አንኳኩተው ገቡ። «ግድግዳ ተደግፌ መስማት ሰለቸኝ፤ ወገቤንም አመመኝ» አሉ። «ቅዳሜ ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊት ትዘፍኚልናለሽ። ጎረቤት እጠራለሁ። አንተም ልጄ፣ ከበሮውን እቤት ትተኸው ና።»

ፕላስተሩ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳሎኑ ሞልቷል። ወይዘሮ ተናኘ ነጠላቸውን አጣፍተው መሀል ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ጎረቤታቸው መሪማ አሉ፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ሱቃቸውን ለልጃቸው ትተው ነው የመጡት። ከእሳቸው ወዲያ አቶ ጎሳዬ፣ የጅማን መንገድ በጭነት መኪና ሲመላለሱበት የኖሩ፣ ሲናገሩ ወንበሩ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ሰው። ሌሎችም የሰፈሩ ሰዎች አሉ። ሊዮል በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

ሮሆቦት እጇን አጣምራ ቆመች። «ዜማው ለአንድ ድምፅና ለአጃቢ የተጻፈ ነው» አለች፤ ስለ ሴትየዋና ስለ ነፋሱም ባጭሩ ነገረቻቸው።

መሪማ ወደ ወይዘሮ ተናኘ ጆሮ ጠጋ አሉ፤ ሹክሹክታቸው ግን ለሁሉም ተሰማ። «አጃቢ? ሙሽራ አለ እንዴ፣ እትዬ ተናኘ?»

«ዝም በዪ፣ መሪማ።»

«ኢሺ፣ ዝም አልኩ።»

አብሳሎም አራቱን ኖታዎች አወረደ። አንዴ ብቻቸውን ወረዱ፤ ሁለተኛ ዙር ሲጀምሩ ሮሆቦት ገባች። ፒያኖ፣ ቬንቶ፣ ፒያኖ። የድምፁን ትንሽነት ሰምተው ሰዎቹ መጀመሪያ ተያዩ። ከዚያ አቶ ጎሳዬ ወደ ፊት ሰገድ አሉ። ወይዘሮ ተናኘ በእጃቸው የያዙትን የቤት ቁልፍ እንዳይንኳኳ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «ነፋስ» የሚለው ቃል ላይ ያቺ ኖታ ስትሰፋና ስትሳሳ ሳሎኑ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው የለም። የአብሳሎም ግራ እጅ ይወርዳል፤ ቀኝ እጁ የተቆጠረውን ይነካል፤ ያልተጻፈውን አንዳንዴ ይጨምራል፣ አንዳንዴ ይተወዋል። እየሆነ ነው አለ በልቡ። እየሆነ ነው ብሎ ማሰቡ ነው ያጠፋው።

እሷ ዝም የምትልበት ቦታ ደረሰ። ክፍሉ በጣም ጸጥ አለ። አብሳሎም ጸጥታውን ሰማው፤ ቀኝ እጁም ሳያዘው ወደ ላይ ሄደ። ጣቱ ፕላስተሩን ነካ። ደንግጦ ቁልቁል ሲያይ ግራ እጁ ቦታውን ስቷል። ሁለት ኖታ ወርዶ ሦስተኛው የለም።

ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ። ሮሆቦት አፏን ገጥማ ትጠብቃለች። በሩ አጠገብ ሊዮል አይስቅም፤ ወለሉን ያያል፤ ለአብሳሎም ከሳቅ ይልቅ ይሄ ባሰበት። ጣቶቹ ነጮቹን ቁልፎች ይዳብሳሉ፤ የቱ እንደሆነ ግን አልታየውም። በቃ፣ መልሱ ይሄ ነው አለ በልቡ።

ያን ጊዜ መሪማ ተቀበሉ።

መሪማ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያደጉበት የሴቶች ዘፈን እንደዚያ ነው፤ አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። አውራጇ ትንፋሽ ልትወስድ ዝም ስትል ዝምታው የሌሎቹ ተራ ነው፤ እሷን በዝምታ ውስጥ ትቶ መቀመጥ ነውር ነው። አራቱን ኖታዎች ደግሞ ዙር በዙር ሲሰሟቸው ቆይተዋል። አፋቸውን ሳይከፍቱ «እም» ብለው ከላይ ጀመሩና አንድ በአንድ አወረዷቸው፤ አራተኛዋን ጨምረው። ወዲያው ወይዘሮ ተናኘ አብረዋቸው ከላይ ጀመሩ። በሦስተኛው ዙር አቶ ጎሳዬ ከሥር ገቡ፤ የወለሉ ጣውላ የእሳቸውን ድምፅ ተቀብሎ በሁሉም እግር ሥር አስኬደው።

የሮሆቦት ዓይን ሰፋ። ይህ በወረቀቱ ላይ የለም። አንድ ዙር አሳለፈች፤ ከዚያ በሰዎቹ ድምፅ ላይ ቆማ ገባች። ፒያኖ፣ ቬንቶ። ሰዎቹ እሷ ስትገባ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ማንም ዝቅ አድርጉ አላላቸውም። አብሳሎም ጆሮውን ወደ አቶ ጎሳዬ ጣለ፤ ሲወርዱ ተከተላቸው፤ ጣቱ የመጀመሪያውን ኖታ አገኘ፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። እስከ ዜማው መጨረሻ ሌላ ቦታ አላየም። መርከቡ ሲጠፋ የቀረው የሮሆቦት አንድ ቀጭን ድምፅና ከሥሩ የሚወርዱት አራቱ ነበሩ።

ማንም አላጨበጨበም። መጀመሪያ የተናገሩት መሪማ ናቸው።

«ልጄ፣ ማሎ፣ እባክሽ ንገሪኝ፣ አጠፋሁ እንዴ? ዝም ስትይ የኛ ተራ መሰለኝ።»

ሮሆቦት ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «አላጠፉም። እኔ ብቻዬን የምዘፍነው ይመስለኝ ነበር።»

«ወላሂ እንዲህ ያለ ድምፅ ብቻውን አይተውም። ማሻአላህ፤ ባዬ ጋሪ ነው፤ በጣም ያምራል።» መሪማ ወደ አብሳሎም ዞሩ። «አንተ ግን ምነው ጠፋህ?»

«እጄ ወደ ለመደው ሄዶብኝ ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያውስ አጃቢ አትበሉት። አጃቢ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ጥሩምባ የሚነፋው ነው። ተቀባይ በሉት። ተቀባይ አውራጇን ጥሏት አይሄድም።»

«ድገሚው» አሉ አቶ ጎሳዬ። ልመና ይሁን ትእዛዝ አልለየም።

ሮሆቦት ወደ አብሳሎም አየች። እንቢ ቢላት እንደምትረዳው ከፊቷ አነበበ። አብሳሎም ሳሎኑን አየ፤ በሩን አየ፤ እጁን ቁልፎቹ ላይ መለሰ። ሮሆቦት እጇን አጣመረች።

«ለአንድ ድምፅና ለተቀባይ» አለች።

አራቱ ኖታዎች ወረዱ። ይህን ጊዜ አብሳሎም ራሱን አልሰማም፤ እሷን ሰማ። የት እንደምትተነፍስ፣ የትኛው ቃል ላይ እንደምትዘገይ፣ መቼ እግሯ ሥር መሬት እንደምትፈልግ። ዝም የምትልበት ቦታ ሲደርስ መሪማ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ያዙ። ተራው የእሱ ነበር። ከበሮ የለም፤ ጭብጨባ የለም። አራቱን ብቻ አንድ በአንድ አወረደ፤ በመካከላቸው ያለውን ጸጥታም እንዳለ ተወው። ገደል የመሰለው ቦታ ሰው የሚቆምበት ስፋት ነበረው። ቀኝ እጁ ከነጮቹ ቁልፎች አልተነሳም። ሮሆቦት ከላይ ስትመለስ፣ ከነፋሱ ጋር ያቺን ኖታ ከምንም ስታስነሳ፣ እሱ ከሥሯ ነበር።

ሲወጡ ሊዮል ኪቦርዱን ተሸከመለት፤ ከዚህ በፊት ተሸክሞለት አያውቅም። ባጃጅ ለመጠበቅ መንገዱ ዳር ቆሙ።

«ያቺ ልጅ ማይክ ብትይዝ...» ብሎ ጀመረና ተወው። «አይ፣ አትያዝ።»

«አትያዝ» አለ አብሳሎም።

«ነገ ሰኮሩ ነን፤ አልረሳህም? ፕላስተሩን ንቀልልኝ፣ ማሎ። ሰርግ ቤት ያለ ከበሮ ብንገባ የሙሽራው አጎቶች ይጨርሱናል።»

«እነቅለዋለሁ።»

እሑድ ጠዋት፣ መፍጫው ገና ሥራ ሳይጀምር፣ አብሳሎም ኪቦርዱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ፕላስተሩን ከጥጉ በጥፍሩ አንስቶ ቀስ እያለ ላጠው፤ አንዱን ረድፍ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ትንንሾቹ ቁልፎች ላይ ሙጫ ቀርቷል። ጥጥ በአልኮል ነክሮ አንድ በአንድ ጠረጋቸው። ሲጠርግ በአፍንጫው አራት ድምፅ እያወረደ ነበር፤ ሦስቴ ካወረዳቸው በኋላ ነው ያወቀው። ኪቦርዱን ቦርሳው ውስጥ አስገባ፤ የዜማውን ወረቀት በጎን ኪሱ ከተተ፤ ዚፑን ዘጋና ከበሩ ጀርባ አቆመው።